በካቴድራሉ ደጅ የወለቀው ጫማ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቪየና በምትባለው ያውሮፓ ከተማ፣ የሠላሳ ሁለት ቀን አራስ የሆነችው ፍሬሕይወት «እኔም አብሬያችሁ ከተማውን አያለሁ» ብላ ተነሳች። ቤቱ ውስጥ የደገፋት ሰው አልነበረም።

አባቷ ጋሽ ማንደፍሮ፣ «አርባ ቀን ሳይሞላሽ የት ነው የምትወጪው? ምች ቢመታሽስ?» አሏት።

ባሏ አብነት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ፣ «ማሙሽ ይበርደዋል» አለ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ልዑልሰገድ ደግሞ መነጽሩን እየወለወለ፣ «እኔ ቤተ መንግሥት ነው የማስጎበኘው። ሕፃን እያለቀሰ ታሪክ አይነገርም» አለ።

ፍሬሕይወት ግን ልጇን ከአልጋው አነሳችው። ማሙሽን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ በሁለተኛ ደገመችው፣ በሦስተኛ ሰለሰችው። አፍንጫው ብቻ ሲቀር ጎንበስ ብላ መተንፈሱን አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ የልጁን ጋሪ ወደ በሩ ገፋች። ከተማ ማየት አምሯት አልነበረም፤ ፈርታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ቀን ምሳ ላይ ማሙሽን እያጠባች ሳለ፣ ልዑልሰገድ ለባሏ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነግረው ሰማች።

«አማትህን ነገ ከተማውን አሳያቸዋለሁ። ሰው ፊት ካላሳፈሩኝ ጥሩ፣ ይቆያሉ። ሦስት ጊዜ ካሳፈሩኝ ግን ትኬታቸውን ለሐሙስ አዞረዋለሁ፤ ይሄዳሉ።»

«ክርስትናው እኮ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው ጋሼ» አለው አብነት።

«እኔ ደግሞ እዚህ ሰፈር የምኖረው ዓመቱን ሙሉ ነው» አለ ልዑልሰገድ።

እንዲህ ካለ ደግሞ ያደርገዋል። ትኬቱን የቆረጠው እሱ ነው። ለቪዛው የጥሪ ደብዳቤ የፈረመውም እሱ ነው። ባልና ሚስቱ ከነልጃቸው የሚኖሩበትም ቤት የሱ ነው። የፍሬሕይወት እናት በሕይወት የለችም፣ ወንድም እህትም የላትም። ማሙሽ ክርስትና ሲነሳ በሷ ወገን የሚቆምላት አንድ ሰው አባቷ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከጎናቸው ሆና፣ አንድ ነገር ሊያደርጉ ሲሉ እጅጌያቸውን ጎተት ላደርግ ብላ ነው ከአልጋ የተነሳችው።

እንግዲህ ልዑልሰገድ ማለት ቪየና ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ፣ ያላገባ፣ የከተማዋን ድንጋይ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለትን ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዱ፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሳይሉ ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ሊፍት ውስጥ የገባውን ፈረንጅ ሁሉ «እንዴት አደራችሁ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊት ምን እንደሚሏት ባይገባትም ደስ ብሏት፣ ጠዋት ጠዋት እሳቸውን ጠብቃ ነው ሊፍቱ ውስጥ የምትገባው። ልዑልሰገድ ግን በደረጃ መውረድ ጀምሯል።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጋሽ ማንደፍሮ አለፉ፣ ልዑልሰገድ አለፈ። የማሙሽ ጋሪ ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ። እንደገና ወደ ኋላ መልሰው አሳለፉት፣ እንደገና ጮኸ። ፈታሿ ሴት ይቅርታ እየጠየቀች ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፣ ፍራሹን አነሳች፣ ከሥሩም አንድ ረጅም የፈረስ ጫማ ሚስማር አወጣች።

ፍሬሕይወት ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ልዑልሰገድ ቀስ ብሎ።

«ብረት ነዋ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «አራስና ጨቅላ ያለ ብረት ከቤት ይወጣሉ እንዴ? ከፈረሴ ከዳማዬ ኮቴ የተረፈ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት ለሱ ብዬ ነው።»

ልዑልሰገድ ለፈታሿ ምን ብሎ እንዳስረዳት እሱ ያውቃል። ብቻ ሴትየዋ ሚስማሩን እንደ ወርቅ በትንሽ ሳህን አድርጋ «ሲወጡ ይውሰዱ» አለችው። እሱም ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ዞሮ አንድ ጣቱን አወጣ።

«አንድ» አለ።

«አንዲት ብቻ ናት የያዝኩት» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። ቆጠራው ስለምን እንደሆነ አልነገራቸውም ማንም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደጃፉ ላይ ትልቅ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ከጫማ ላይ የሚጠለቅ የሱፍ ሽፋን ሞልቷል። ጎብኚው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ኮረዳዋ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ጫማውን ይሸፍናል።

«ይኼ ለምንድን ነው ልዑሌ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ወለሉ እንዳይጫር ነው። ንጉሡ የረገጡት ወለል ነው።»

«ንጉሡ የት አሉ?»

«ከሞቱ እኮ መቶ ዓመት አለፋቸው።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ፤ ጎንበስ ብለውም ሸፈኑ።

ልዑልሰገድ ይህን ሲያይ ደስ አለው። ጉሮሮውን ጠረገና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ሥልጣኔ ማለት እንግዲህ ይህ ነው» አለ። «ሰውዬው ከሞተ መቶ ዓመት ሆኖታል። አያየንም፣ አይቆጣንም። ግን ለወለሉ ክብር ሲባል ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይሸፍናል። እኛ አገር ቢሆን በጭቃ ጫማ ነበር የሚረገጠው። ያዩትን አይርሱት፤ ሄደው ይንገሯቸው።»

«አልረሳም ልጄ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

ከክፍል ወደ ክፍል ሄዱ። ልዑልሰገድ የንጉሡን አልጋ አሳየ፣ የንግሥቲቱን መስታወት አሳየ፣ የሥዕሎቹን ስም ከነአባታቸው ጠራ። ጋሽ ማንደፍሮ ለያንዳንዱ ሥዕል «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ሃያኛው ክፍል ሲደርሱ አንድ ዘበኛ የጸሎት ቃል መስሎት አብሮ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ፍሬሕይወት ልጁን እየገፋች፣ በአንድ ዓይኗ የማሙሽን አፍንጫ፣ በሌላው ዓይኗ የአባቷን እጅ ትጠብቃለች። አንድ የብር ማሰሮ ሊነኩ ሲሉ እጅጌያቸውን ጎተተች፤ ተዉት። ይኼኛው አለፈ፣ ተመስገን አለች በልቧ።

ሲወጡ ሚስማሯን ተቀብለው አደባባዩ ላይ ደረሱ። እዚያ ነው ነገር የመጣው። አደባባዩ ዳር ከሃያ በላይ የፈረስ ጋሪ ተሰልፎ ቆሟል። ነጂዎቹ ክብ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ፈረሶቹ ተቦርሸው ያበራሉ። ጋሽ ማንደፍሮ እግራቸው መሬት ላይ ተተከለ።

«ጋሪ» አሉ። «ልዑሌ፣ ጋሪ አላችሁ እንዴ?»

«ይኼ ተራ ጋሪ አይደለም» አለ ልዑልሰገድ። «ይኼ ቅርስ ነው። ሰው ይህን ለማየት በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።»

«እኛን ከአስፋልቱ ያባረሩን ጊዜ ኋላ ቀር ናችሁ ብለው ነበር» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «ለካ ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ቅርስ እንሆን ነበር።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የኋላ እግሩን ከፍ አድርጎ ወደቆመ አንድ ነጭ ፈረስ ቀጥ ብለው ሄዱ። ፍሬሕይወት እጅጌያቸውን ልትይዝ እጇን ብትሰድ ጋቢያቸውን ብቻ ነካች። ተለሳልሰው የፈረሱን ትከሻ ዳሰሱት፣ በጆሮው የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት፣ ከዚያ የኋላ እግሩን ብድግ አደረጉት። ነጂው ከመቀመጫው ዘሎ ወረደ። ጋሽ ማንደፍሮ ያቺን ሚስማር ከኪሳቸው አውጥተው ከኮቴው ሥር አንዲት ጠጠር ነቅለው አወጡ፤ በመዳፋቸውም ላይ አድርገው አሳዩት። ነጂው ጠጠሯን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ የጋሽ ማንደፍሮን እጅ እስኪደክመው ጨበጠ።

ባለ ፈረሱ ሳይቆጣ ልዑልሰገድ ተቆጣ።

«የሰው ንብረት ነው የነኩት። ፖሊስ ቢያይስ? ሁለት።» ሁለት ጣቱን አወጣ።

«አንድ ጠጠር ናት ልዑሌ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

ፍሬሕይወት የአባቷን እጅጌ አጥብቃ ያዘች። አንድ ብቻ ቀረ። ከዚህ ወዲያ ልዑልሰገድ አሥር እርምጃ ወደ ፊት ቀድሞ መሄድ ጀመረ፤ የሚያየው ሰው ለብቻው የመጣ እንዲመስለው ነው። እነሱም እየተከተሉት ካቴድራሉ ጋ ደረሱ።

ካቴድራሉ ግንቡ ሰማይ ይነካል። ጋሽ ማንደፍሮ አንገታቸውን ቀና አድርገው እስከ ጫፉ አዩትና አማተቡ።

«መስቀል አለው» አሉ። «ልሳለም።»

«እንገባለን፤ ታሪኩን ውስጥ ነው የምነግርዎት» አለ ልዑልሰገድ። «ፍሬ፣ ነይ እንጂ አንቺም።»

«እኔ አልገባም ጋሼ። አርባው አልሞላም» አለች።

«ይኼ እኮ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማንም ይገባል።»

ጋሽ ማንደፍሮ ዞር ብለው፣ «የፈረንጅ እግዚአብሔር ሌላ ነው እንዴ?» አሉት። «ትቀመጥ። ደጁ ላይ ትሳለማለች።»

ከዚያ እንደ አገራቸው፣ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱንም አፋቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ልዑልሰገድ ይህን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ መልሰው ያድርጉት። እዚህ ጫማ አይወለቅም።»

«እኔን አይከብደኝም።»

«ኋላ ቀርነት ነው። ሰው ያየናል።»

«ይየን» አሉና በካልሲያቸው ገቡ። ካልሲያቸው ፍሬሕይወት ያጠበችው፣ ነጭ ነው። ልዑልሰገድ ሦስተኛ ጣቱን ሊያወጣ እጁን አነሳ፣ ግን በዙሪያው ሰው ስለነበረ መልሶ ኪሱ ከተተውና ተከትሎ ገባ።

ፍሬሕይወት በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማሙሽን ታቅፋ፣ የአባቷን ጫማ እግሯ ሥር አድርጋ። ሌባ እንዳይወስደው ብላ ነው። ሐሙስ፣ ሐሙስ እያለች በልቧ ትቆጥራለች።

ጥቂት እንደቆየች ሽማግሌ ባልና ሚስት መጡ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ናቸው፤ ጃፓን ይሁኑ ኮሪያ አላወቀችም። በሩ ጋ ሲደርሱ አዩ፤ ነጭ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፣ እግሯ ሥር ጫማ አለ። ተያዩ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

ፍሬሕይወት ደነገጠች። የሽማግሌ እጅ አይመለስም፤ ተቀበለቻቸው። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ፍሬሕይወትም ልጇን እንዳቀፈች ብድግ ብላ እጅ ነሳች። ሴትየዋ ያን አይታ ዝቅ ብላ ደገመች። ፍሬሕይወትም ደገመች፤ አባቷ ያሳደጓት እንደዚያ ነው። ማን መጀመሪያ ቀና እንደሚል እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱ ሲጎነበሱ ቆዩ።

ሴትየዋ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ፍሬሕይወት ጀርመንኛ ትምህርት ቤት የሄደችው ለሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ አቆመች። አጥርታ የያዘችው የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ነው፤ «ጉት፣ ኡንድ ዚ?»፣ ማለት «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?»

«ጉት፣ ኡንድ ዚ?» አለቻት።

ሴትየዋ ደስ ብሏት ገባች። ከኋላቸው ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ የምትመራቸው ሌሎች ሠላሳ ያህል ያገራቸው ሰዎች እየመጡ ኖሯል። የፊተኞቹን አዩና እነሱም አወለቁ። እነሱን ያዩ ሁለት ረጃጅም ፈረንጆች አወለቁ። ፈረንጆቹን ያየ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን አስቀምጦ አስወለቀ። ሰው ሲያወልቅ ያየ ሁሉ «ሕጉ ነው» ብሎ ያወልቃል። ፍሬሕይወት ለሁሉም «ጉት፣ ኡንድ ዚ?» እያለች ትቀበላለች፤ ጥንድ ጥንዱን እንዳይለያይ እያሰረች፣ የልጆቹን ለብቻ፣ የትልልቆቹን ለብቻ ትደረድራለች። ማሙሽ ተኝቷል፤ ይህን ያህል ጊዜ አፍንጫውን ረስታ አታውቅም።

የጫማው ሰልፍ የደጁን ሁለተኛ ምሰሶ ሲያልፍ የካቴድራሉ ዘበኛ ወጣ። ቀይ ካባ የለበሰ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ ነው። ውስጥ በካልሲ የሚሄድ ሃምሳ ሰው አይቶ፣ ምንጩን ፍለጋ ነው የወጣው። ጋሽ ማንደፍሮን በክንዳቸው ይዟቸዋል። እሳቸው በካባው ጳጳስ መስለውት መስቀሉን ሊሳለሙ ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ እሱ መስቀል የለውም፣ ግራ ገብቶታል። ከኋላቸው ልዑልሰገድ በዓምዱ ጥግ ጥጉን ሊያልፍ ሲል ዘበኛው አየው። ተመሳሳይ ፊት ነውና በጀርመንኛ ጠየቀው፤ ወደ ጋሽ ማንደፍሮ እያመለከተ።

«ናይን» አለ ልዑልሰገድ፤ በጀርመንኛ «አይ» ማለት ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ ቪየና ከመጡ ጀምሮ ከሁሉ አብዝተው የሰሙት ቃል ይህ ነው። አሳምረው ያውቁታል።

«ናይን ያልከው ስለኔ ነው?» አሉት። «ታውቃቸዋለህ ወይ ብሎህ?»

ልዑልሰገድ መሬት መሬት አየ።

«አይዞህ» አሉት ጋሽ ማንደፍሮ። «ጴጥሮስም ክዶ ነበር፤ ቁልፉን ግን አልተነጠቀም። እሱ እንኳን እሳት ዳር ሆኖ ነው፣ ብርድ ነበር። ያንተ ፀሐይ ነው።»

ጋሽ ማንደፍሮ ልዑልሰገድን በአማርኛ ሲያናግሩት ዘበኛው ሰምቷል። «እንግዲያው ያውቁታል፤ ይተርጉሙልኝ» ዓይነት ነገር አለው፤ ቆጣ ብሎ።

ልዑልሰገድ ጥርሱን ነክሶ ተረጎመ። «ማን አዘዘህ ነው የሚልዎት። ይህ ቤተ ክርስቲያን ሰባት መቶ ዓመት ሲቆም እዚህ ጫማ ያወለቀ የለም፤ በየትኛው ሕግ ነው ሰውን ሁሉ ያስወለቅኸው ይላል። መልሱን ይስጡ። ከዚያ ደግሞ እኔ የምነግርዎት አለኝ። ሦስት ሞልቷል። ትኬትዎ ሐሙስ ነው።»

ፍሬሕይወት ቆመች። «ጋሼ፣ እባክዎ። ክርስትናው እሑድ ነው።»

«ሐሙስ ብያለሁ።»

ጋሽ ማንደፍሮ የልጃቸውን ፊት አዩ። ለካ ጣቱ የሚቆጥረው ይህን ኖሯል። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ረጋ ብለው ለልዑልሰገድ ሳይሆን ለዘበኛው፣ ዓይን ለዓይን እያዩት ተናገሩ።

«እኔ ማንንም አላስወለቅሁም፤ የራሴን ነው ያወለቅሁት። ጠዋት ቤተ መንግሥት ስንገባ ወለሉ እንዳይጫር ጫማችሁን ሸፍኑ ተባልን። ንጉሡ የት አሉ ብል፣ ከሞቱ መቶ ዓመት አለፋቸው አለኝ ይኼ ልጅ። እሺ ብዬ ሸፈንኩ። ሥልጣኔ ይህ ነው፣ አይርሱት አለኝ፤ አልረሳሁትም። አሁን የማይሞተው ንጉሥ ቤት መጣሁ። ለሞተው ንጉሥ መሸፈን ሥልጣኔ ከሆነ፣ ለማይሞተው ማውለቅ በምን ዞሮ ነው ኋላ ቀርነት የሚሆነው? ንገረው።»

ልዑልሰገድ ለዘበኛው ሁለት ቃል ተናገረ።

ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ጋሽ ማንደፍሮን አሳየ፣ ቀጥሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጠጋግቶ ልዑልሰገድን አሳየ። የሳቸው ይህን ያህል ነበር፣ ያንተ ግን ይህችን ታህላለች ማለቱ ነው።

«ባህላችን ነው ብዬዋለሁ፤ ይበቃል» አለ ልዑልሰገድ።

«ጨርሰህ ንገረው» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «የተናገርኩት ያንተን ቃል ነው፣ አይከብድህም።»

ልዑልሰገድ ጀመረ። ስለ ሱፉ ሽፋን ሲናገር ድምፁ ደህና ነበር። «ሥልጣኔ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚ ጀርመንኛ ታውቅ ኖሯል፣ ለሰዎቿ ባገራቸው ቋንቋ ቀጠለችላቸው። ሠላሳው ሰው ባንድ ጊዜ ለጋሽ ማንደፍሮ ጎንበስ አለ። ጋሽ ማንደፍሮም ጎንበስ አሉ፤ ፍሬሕይወት እንዳይጀመር ብላ እጅጌያቸውን ያዘች።

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። የራሱን ጥቁር ጫማ ቁልቁል አየ። ከጫማው ላይ ዓይኑን አንስቶ የፍሬሕይወትን ድርድር አየ፤ ጥንድ ጥንዱን፣ የልጆቹን ለብቻ። ጋሽ ማንደፍሮን ጨበጣቸውና በእጁ «ይግቡ» አላቸው። ቀጥሎ ዞር ብሎ የልዑልሰገድን ጫማ አየ።

«ኡንድ ዚ?» አለው።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ምንም» አለ ልዑልሰገድ።

«እርስዎስ? ነው ያለው» አለች ፍሬሕይወት። አፏ አምልጧት ነው። ግን በጀርመንኛ እርግጠኛ የሆነችባት ቃል ይህቺው አንዲት ስለሆነች ልትይዛት አልቻለችም።

ልዑልሰገድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ ውጭ እጠብቃለሁ። ይግቡ እርስዎ።»

«ውጭ የምትቆየው አራስ ናት» አሉት ጋሽ ማንደፍሮ። «አንተ መቼ ወለድክ?»

ዘበኛው ይጠብቃል። ሠላሳው ሰው ይጠብቃል። አንዱ የፈረንጅ ልጅ አንገቱን አስግጎ ያያል። ልዑልሰገድ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ግራውን አወለቀ፤ ግራው ደህና ነው። የቀኙን ማሰሪያ እስኪፈታ ድረስ ብዙ ቆየ። ሲወልቅ አውራ ጣቱ ከነጥፍሩ ከካልሲው ቀዳዳ ወጥታ ቆመች።

ፍሬሕይወት ያኔ ገባት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲባል «ሥራ ይበዛብኛል» የሚለው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለብቻው የኖረ፣ ካልሲውን የሚያይለት ሰው የሌለው ሰው። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈራው ኖራ አሁን ገና አሳዘናት።

ጋሽ ማንደፍሮ ጣቱን አይተዋል። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ለቀቅ አድርገው ሰፋ ብለው ከፊቱ ቆሙለት።

«እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ» አሉት። «አንተ ከኋላዬ ጠጋ ብለህ ና። ታሪኩን ከኋላ ሆነህ ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ።»

እንደዚያ ሆነው ገቡ። ጠዋት አሥር እርምጃ ሲቀድማቸው የነበረ ሰው፣ አሁን ተረከዛቸውን ሊረግጥ ምንም አልቀረውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ትራም ውስጥ ልዑልሰገድ ስለ አንድም ሕንፃ አልተናገረም። ስለ ትኬቱም አልተናገረም። ይህ ነው ፍሬሕይወትን የገደላት። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ዝም። ሐሙስ ጠዋት ገና ቁርስ ሳይቀርብ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ትኬቱን ሊያዞር ሄደ ብላ ማሙሽን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ቆመች። የአባቷን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አየችው፤ እንዳለ ነው። ተመልሶ ሲመጣ በእጁ አንዲት የወረቀት ከረጢት ይዟል። ማንንም ሳያይ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሐሙስ መሸ፣ አርብም ነጋ። ጋሽ ማንደፍሮ ሊፍቱ ውስጥ አሮጊቷን ስለ ከብቷ እየጠየቁ ነበር።

እሑድ አርባው ሞላ። ያገራቸው ሰዎች ለቅዳሴ በሚከራዩት አዳራሽ ኮሪደር ላይ እንደ ሁልጊዜው ጫማ ተደርድሯል። ፍሬሕይወት ማሙሽን ታቅፋ ስትደርስ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ልዑልሰገድ ሆኖ አገኘችው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሁለቱንም ጫማ ባንድ ጊዜ አውልቆ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቷል። ካልሲው በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፣ ገና አልታጠበም። ከቀኝ ውስጥ እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ቢጫ ወረቀት ዋጋዋ እንደተጻፈባት ተለጥፋ ቀርታለች።

ጋሽ ማንደፍሮ ጎንበስ ብለው ወረቀቷን ላጡለትና፣ «ንጉሡ ዋጋውን አይጠይቅም ልዑሌ» አሉት።